በተዳመጠች ሳንቲም ፍቅሬን ላጣ ነበር!

በገንዘብ የተነሳ የተጣሉ ፍቅረኞች ስንቱን አይታችኋል! በአንዲት የአምስት ሳንቲም ፍራንክ፣ ያውም በተዳመጠች፣ ከእጮኛው ሊለያይ የደረሰ ሰው ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲያው እኔን እዩኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ዓመት ትምህርት ሆላንድ፣ ሮተርዳም ስሄድ እጮኛዬ አዲስ አበባ ቀረች። የተማሪ ኪስ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሽቶና ጫማ ልላክላት ቢያምረኝም አቅሙ የለኝም። አንድ ቅዳሜ በጀልባ ተሳፍሬ ኪንደርዳይክ ወደሚባል ሥፍራ ሄድኩ። 19 የነፋስ ወፍጮዎች በውሃ ዳር ተሰልፈው ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ወፍጮ ስላልኩ እህል የሚፈጩ እንዳይመስላችሁ! አካባቢው ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃውን እየቀዱ ወደ ወንዝ ካላወጡት ማሳውም ቤቱም ይዋጣል። የወፍጮዎቹ ሥራ ይሄው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት የነፋስ ወፍጮ መፈለግ ሱስ ሆነብኝ። በአንድ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ደግሞ ባለ እጀታ ማሽን አየሁ። ዋጋውን ትከፍላላችሁ፣ የራሳችሁን አምስት ሳንቲም ትጨምራላችሁ፣ እጀታውን ትዘውራላችሁ። ሳንቲሟ በሁለት ድቡልቡል ብረቶች መሃል ስታልፍ ትዳመጣለች። የእናቶቻችንን የጥጥ መዳመጫ አስቡት! አንደኛው ብረት ላይ ሥዕል ተቀርጿል፤ ክቧ ሳንቲም ሞላላ ሆና፣ ወፍጮ ታትሞባት ትወጣለች። ፈጠራው የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ጎብኚዎች እንዲህ የተዳመጡ ሳንቲሞች ይዘው ተመልሰዋል።

እናላችሁ፣ ሦስቱን በፖስታ አሽጌ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። ደብዳቤ? የለም! «ሥዕሉ ይናገራል» ብዬ ነዋ!

ሥዕሉማ ተናገረ። በሦስቱም ላይ የወፍጮው ክንፎች እንደ ኤክስ ተጋድመው ቆመዋል። እጮኛዬ ደወለች። «አስተማሪዬ ነህ እንዴ ኤክስ የምታደርግብኝ? በቃሽ ልትለኝ ከፈለግህ በአፍህ ንገረኝ!» ጓደኛዋም ከጎኗ ሆና፣ «የሰው እጮኛ ዩሮ ይልካል፣ ያንቺው ሳንቲም ጨፍልቆ ይልካል» ስትል ሰማኋት። ስልኩ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብደውልም አልተነሳም።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከአንድ ሽማግሌ ወፍጮ ጠባቂ ነው። ለካ የቆመ ወፍጮ የራሱ ቋንቋ አለው! ክንፎቹ እንደ መስቀል ቀጥ ብለው ከቆሙ አጭር እረፍት ነው፤ ባለ ወፍጮው አሁን ይመለሳል። እንደ ኤክስ ከተጋደሙ ረጅም እረፍት ነው። አንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከቆመ ደስታ አለ፤ ሠርግ ወይም ልደት። ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ግን ሐዘን ነው። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ጎረቤት ወሬውን ከሩቅ ያነበው ነበር።

ወዲያው ድምፄን ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላት። «ኤክሱ ስህተት ማለት አይደለም። ወፍጮው አልተበላሸም፣ ረጅም እረፍት ላይ ነው። እኔም እንደሱው ነኝ፤ እመለሳለሁ» አልኳት። ማታውን መለሰች። «ወፍጮ ይረፍ፤ ሰው ግን እረፍት ላይም ሆኖ ይናገራል!» እውነቷን ነው። እኔ ወፍጮውን አስናግሬ ራሴ ዝም ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲትም ሳንቲም ያለ ደብዳቤ አልላክሁም። መሰብሰብ ለምትፈልጉ ወጣቶችም ከልምዴ ጥቂት ልምከራችሁ።

አንደኛ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ጽፋችሁ ከሳንቲሟ ጋር አስቀምጡ። ታሪክ የሌላት የተዳመጠች ሳንቲም የተበላሸች ሳንቲም ናት!

ሁለተኛ፣ ጥሬ ሳንቲሟን ምረጡ። የአውሮፓው አምስት ሳንቲም ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ብረት ነው፤ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፤ ስለዚህ በደረቅ ቦታ አኑሩት። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከ1982 በፊት የወጣችዋ አንድ ሳንቲም ትሻላለች፤ ከሞላ ጎደል መዳብ ናት። ከዚያ ወዲህ ያለችው ውስጧ ዚንክ ስለሆነ ስትዳመጥ ነጫጭ ሰንበር ታወጣለች።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ቦታ አንዲት ይብቃችሁ። ማሽኑ ፊት ቆሞ ደመወዝ የጨረሰ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልነግራችሁም እንጂ የምታነቡት የሱን ጽሑፍ ነው!

ልመለስ ስል የደስታ ምልክት ያለባትን፣ ክንፏ ጫፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረውን ሳንቲም ብዙ ፈለግሁ። አላገኘሁም። ያየኋቸው በሙሉ ወይ መስቀል ናቸው፣ ወይ ኤክስ። ስለዚህ ባለ መስቀሏን ወስጄ፣ ትክክለኛውን ክንፍ በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሣልኩላት። ሥዕሌ ደግሞ ወፍጮ ሳይሆን ሸረሪት ነው የሚመስለው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ግን ሳንቲሟ ሳትሆን ያቺ ወረቀት ናት።

ቸር ይግጠመን!