በእጅ ስልክ ቪዲዮ ስለ ማንሳት

እኔ ቂርያት ጋት ከገባሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ አዲስ ኦሌ ነኝ። ዕድሜዬ አርባ አልፏል፤ ትምህርቴ ግን እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ሞራችን «ለጋዜጣው ሁሉም የሚያውቀውን ሙያ ይጻፍ» ስትል እኔ ምን አውቃለሁና ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በኋላ ኡልፓን አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው «አንተ ጎንደር ሳለህ የሰርግ ቪዲዮ ትሠራ አልነበር?» አለኝ። ቪዲዮውን እንኳ አልሠራሁም፣ መብራት ነበር የምይዘው። እሱም ሙያ ነው ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር እንደሚቆጠረው ነው የማስቀምጣቸው።

ከአለፋ ወጥተን ጎንደር ተቀምጠን፣ የመሄጃችንን ቀን ስንጠብቅ 19 ዓመት አለፈ። ከዚያ ውስጥ 8ቱን ዓመት ከአንድ ሰርግ አንሺ ጋር ሠራሁ። እሱ ካሜራ ይይዛል፣ እኔ በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ መብራት ተሸክሜ ከሙሽሮቹ ፊት ወደ ኋላ እራመዳለሁ። ስንት ጊዜ ድንኳን ገመድ ጠልፎ ጥሎኛል! ያኔ በልቤ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። አባቴ ሰባት ቤት ዘር ሳያወላውል የሚቆጥር፣ አገሩን፣ ወንዙን፣ መቃብሩን ሁሉ በስም የሚያውቅ ሰው ነበር። እሱን ተቀምጦ ሲያወራ አንስቼ፣ መንደራችንንም ጨምሬ፣ አንድ ፊልም ልሠራ እመኝ ነበር።

አባቴ ራሱ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትቀዳኝ?» ይለኝ ነበር። እኔ «የራሴን ካሜራ ልግዛ አባባ» እለዋለሁ። ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ «እስራኤል ስንገባ በደህና ካሜራ፣ በደህና ቤት እናደርገዋለን» አልኩት። ተራችን ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው አባቴ ጎንደር አረፈ። እዚያው ተቀበረ።

አሁን የእሱ ድምፅ ያለኝ 11 ሰከንድ ነው። በአንድ የጎረቤት ሰርግ ላይ ጠላ ይዞ ሲያልፍ መብራቴ ዓይኑን ወጋውና «ዞር በል ልጄ፣ አሳወርኸኝ እኮ!» ብሎ ይስቃል። ይኸው ነው። ሰባቱን ቤት ግን አልቀዳሁም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። እኛ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ነን። የአውሮፕላኑን መጠበቅ በእጃችን አልነበረም፤ ስማችን እስኪጠራ ከመቀመጥ ሌላ ምን ልናደርግ? ልማዱ ግን ከሻንጣችን ጋር አብሮን መጣ። እዚህም ስንነጋገር እሰማለሁ፤ «ዕብራይስጤ ይስተካከልና»፣ «ማሽካንታ አግኝተን ቤት እንግዛና»፣ «ልጁ ከጦሩ ይመለስና» እንላለን። ሌላውን ነገር አላውቅም፣ በቪዲዮ ነገር ግን ተጎድቼበታለሁ። ካሜራው ቢዘገይ ይገኛል። የሚቀዳው ሰው ነው የማይገኘው።

ትልልቆቹ ሰዎች እንኳ ሁሉ ነገር ሞልቶላቸው አልጀመሩም። የኛው የጎንደር ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ አለ። ስለ እሱ መጀመሪያ የነገረኝ አሠሪዬ ነው፤ እዚህ መጥተን ደግሞ ልጄ ፈልጋ አነበበችልኝ። በ1946 ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ በ1974 ወደ አገር ቤት ተመለሰ። ዓመቱ ንጉሡ የወረዱበት፣ አገር የታመሰበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይረጋጋና» ይል ነበር። እሱ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለውን ፊልም አነሳ፤ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥሬ ፊልም፣ ተዋናይነት ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች። ለባለ መሬት የሚገብር የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባይቸኩል ኖሮ ያን ዘመን፣ ያን ፊት ከየት ያመጣው ነበር?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ውሸታም እንዳልባል። ይኸው ሰው በ2008 የወጣውን «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ገንዘብ አጥቶ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በሁለት ሳምንት ያልቃል አልልም። ዳሩ ግን በዚያ መካከል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ1999 ስለ አድዋ ድል ሌላ ፊልም ሠርቷል። ከዚያም በፊት በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ አሳይቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መዘግየት ሌላ ነው፣ የእኔ ደግሞ ሌላ።

እዚህ አገርም የኛ ልጆች አሉ። ዮሲ ቫሳ በልጅነቱ በሱዳን በእግር የመጣ ነው። መጀመሪያ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የራሱን ታሪክ እያሳቀ ይናገር ነበር፤ የዝግጅቱ ስም ትርጉሙ «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» ማለት ነው። አንድ ሰውና አንድ መድረክ፣ ሌላ ወጪ የለውም። ከዓመታት በኋላ ከጓደኛው ጋር የጻፈው «ነብሱ» የሚባለው የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አገኘ። ባዚ ጌቴ በ2014 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሠራ፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ቤት ልኑር ሲሉ የሚደርስባቸውን ያሳያል። ሽማግሌውን ሆኖ የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው። አላምወርቅ ዳቪድያንም አዲስ አበባ ተወልዳ በ11 ዓመቷ የመጣች ናት። በ2018 ያወጣችው «የበለስ ዛፍ» ራሷ በልጅነቷ ካየችው የጦርነት ዘመን የተቀዳ፣ በአማርኛ የሚነገር ፊልም ነው፤ ቶሮንቶ ላይ ተሸልማለች። ልጆቻችሁ ፈልገው ያሳዩአችሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አባቴን ካጣሁ በኋላ እናቴ ቀረችኝ፣ እሷም እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ ሻባት ከወጣ በኋላ «ነገ አንስቼሻለሁ» አልኳት። ስልኬ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ስሕተቴን ልንገራችሁና እናንተ አትድገሙት።

እማዬን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት፤ ብርሃን ይሁንላት ብዬ ነው። ሳየው መስኮቱ ቦግ ብሏል፣ የእናቴ ፊት ግን ከሰል መስሏል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ስልኩ በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን በሙሉ ደምሮ በአማካይ ይለካል። መስኮቱ ብዙ ብርሃን ስለሚሰጠው «በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል፣ ያኔ ፊት ይጠፋል። እኔ 8 ዓመት መብራት ይዤ ይህን መርሳቴ ያሳፍራል። ብርሃኑ ከሰውየው ኋላ ሳይሆን ከእናንተ ከአንሺዎቹ ኋላ ወይም ከጎን ይምጣ። ከዚያ በመስታወቱ ላይ የሰውየውን ፊት በጣታችሁ ንኩ። ብዙ ስልክ ላይ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፣ ወደ ላይ ስትገፉት ፊቱ ይፈካል።

በነገራችን ላይ የኛ ፊት ፎቶ ላይ መጥቆሩ ጥፋቱ የፊታችን አይደለም። ድሮ በፊልም ዘመን ቀለሙን ለማስተካከል ፎቶ ቤቶች የሚለኩበት ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ «ሸርሊ» ይሏታል። የኮዳክ ኩባንያ ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እንግዲህ በሸርሊ ፊት የተለካ ነገር ለእናቴ እንዴት ይሆናል? የዛሬው ስልክ የተሻለ ነው፣ ቢሆንም በጣት መንካቱን አትርሱ።

ሁለተኛው ጥፋት ማዝጋኑ ነው። ለእኛ ጆሮ ማዝጋኑ የለም፣ ለምደነዋል፤ ስልኩ ግን ሁሉንም እኩል ይሰማል። ስናዳምጠው የእናቴ ድምፅ ከሩቅ ወንዝ ማዶ የምትጣራ ይመስላል። ስለዚህ ማዝጋኑን፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ላብ ቢሆንም ቻሉት። ስልኩንም ቀረብ አድርጉ፣ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ይበቃል። ሥዕል ትንሽ ቢበላሽ ሰው ይታገሣል፣ ድምፁ ካልተሰማ ግን ማንም አያየውም። አሠሪዬም ይህን ይል ነበር።

ሦስተኛ፣ እህል የሚለካ ያህል 7 ደቂቃ እንደሄደ ስልኩ ሞላና ቆመ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። አስቀድማችሁ የማይፈለገውን አጥፉ። መሐል ላይ ስልክ እንዳይደወልም የአውሮፕላኗን ምልክት ንኩ። አውሮፕላን እዚህም አልቀረልንም!

ከሁሉ የባሰው ግን እናቴ ነበረች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለተዑዳት ዜሁት ፎቶ እንደምትነሳ ደረቅ ብላ ተቀመጠች። «ከአለፋ ስትወጡ እንዴት ነበር?» ስላት «ደህና ነበር» ትለኛለች። ደህና አልነበረም እኮ!

በማግስቱ መላ መታኝ። እጇ ሥራ ይፈልጋል። ቡና እንድትወቅጥ አሰብኩና ሙቀጫው ድምፁን ይበላዋል ብዬ ተውኩት። ምስር በሰፌድ ሰጠኋት። ምስሩን እየለቀመች፣ ስልኩን ረስታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች። ሲወጡ ምጣዷን ለጎረቤት አደራ እንደሰጠች፣ ጎረቤቲቱም «ስትመለሺ ታገኚዋለሽ» ብላ እንደተቀበለቻት፣ ሁለቱም እንደማትመለስ እያወቁ እንዲህ እንደተባባሉ ነገረችኝ። ይህን 40 ዓመት ሙሉ ልጇ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሥዕሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አልቆረጥኩትም፣ እንዲሁ ተውኩት።

ልብ በሉ፣ ሲጀምሩ ረጅም መሥራት አያስፈልግም። ፈረንሳዮቹ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 ካሳዩአቸው የመጀመሪያ ፊልሞች አንዱ ሠራተኞች ከፋብሪካ በር ሲወጡ የሚያሳይ ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እዚህ ኢንቴል ፋብሪካ በር ቆሜ እንደዚያ ባደርግ ጥበቃው ያባርረኛል እንጂ፣ አሠራሩ ያው ነው። አንድ ደቂቃ የሴት ልጃችሁን እንጀራ አጋገር፣ አንድ ደቂቃ የሽማግሌ ምርቃት፣ በቂ ነው። ሲጀመር የተናጋሪውን ስምና ቀኑን በቃል ተናገሩ፣ የኋላ ሰው አይቸገርም። ሳታስፈቅዱ ሰው አታንሱ፣ የሰው ልጅም እንደዚሁ። ሲያልቅ ቢያንስ ለሁለት ሰው ላኩት፤ ስልክ ውሃ ውስጥ ይወድቃልና። መቁረጥ መቀጠሉን ልጆቹ ያውቁታል፣ እኔም ከልጄ ነው የተማርኩት፤ ትሥቅብኛለች፣ ምን ላድርግ።

አሁን የቀረኝ የአባቴ ዘር ነው። እናቴ ከአባቴ ሲቆጠር ስትሰማ የያዘችው አምስት ቤት ብቻ ነው። ገና ጎንደር ተራዋን የምትጠብቅ አክስቴ አለች፣ የአባቴ እህት ናት። ባለፈው ወር በዋትስአፕ ደውለን እያየናት ስድስተኛውን ነገረችን። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ሥዕሉ እየተበተነ ነበር፤ ስሙ ግን ተሰማ፣ ይኸው ተቀድቷል። ሰባተኛውን እሷም ዘነጋችው። «የአለፋ ሽማግሌ ፈልግ» አለችኝ።

ስለዚህ ከአለፋ ወይም ከጣቁሳ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች በመርከዙ ካላችሁ፣ ሐሙስ ማታ ከኡልፓን በኋላ ሞዓዶን ውስጥ እገኛለሁ። ማዝጋኑን እናጠፋለንና ውሃ ይዛችሁ ኑ። ምስሩን እኔ አመጣለሁ።