ስለ ጓሮ ብስባሽ፤ እርጥቡንና ደረቁን ስለ ማመጣጠን

መሬት ሰውን ታበላው ዘንድ እርሷም መብላት ያስፈልጋታል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ዙሪያ ያለ ገበሬ ጤፉንና በቆሎውን ከማሳው ወደ ቤቱ ያገባል፤ ጭዱን ለከብቱ ይሰጣል፤ እበቱንም ኩበት አድርጎ ይማግደዋል። እንዲህ ሲኾን ከመሬት የወጣው አብዛኛው ወደ መሬት አይመለስም። ስለዚህ ከቤትና ከጓሮ የሚተርፈውን አብስብሶ መመለስ የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ነገር ግን የተከመረ ጥራጊ ኹሉ መልካም ብስባሽ አይኾንም። ክምሩን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው፤ እነርሱም እንደ ሰው እንጀራና ወጥ ይሻሉ። እንጀራቸው ደረቁ ነገር ነው፤ ይኸውም ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የረገፈ ቅጠል ነው። በዚህ ውስጥ ካርቦን ስለ በዛ ብርታት ይሰጣቸዋል። ወጣቸውም እርጥቡ ነው፤ ይኸውም ለጋ አረም፣ የጎመን፣ የግራዋና የብሳና ቅጠል፣ ትኩስ እበትም ነው። በዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሰውነታቸውን ይሠራል። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኾን ክምሩ ፈጥኖ ይበስላል። ይህን መመዘን የማይችል ሰው ግን በቅርጫት ይስፈር፤ 2 ቅርጫት ደረቅ፣ 1 ቅርጫት እርጥብ፣ በላዩም ጥቂት እበትና አፈር እያደረገ ይደርድር።

ልኩ ሲሳሳት ክምሩ ራሱ ይናገራል። እንደ ከረመ ሽንት ቢሸት እርጥቡ በዝቷልና ጭድ ይጨመርበት። ቀዝቅዞ ሳይለወጥ ቢቈይ ደረቁ በዝቷልና አረም፣ እበትና ውሃ ይጨመርበት። በመካከሉ የተተከለ በትር ሲመዘዝ ትኩስና ወዛም ከኾነ ሥራው ቀንቷል። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙውን የአረም ዘር ይገድላል። ከ3 ሳምንት በኋላ ክምሩ ይገለበጥ፤ በ3 ወይም በ4 ወርም ጥቁርና አፈር አፈር የሚሸት ይኾናል።

ልኩን ማወቅ ቀላል ነው፤ ኹለቱን ባንድ ጊዜ ማግኘት ግን ያስቸግራል። አረም የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጭድ የሚገኘው ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ በበጋ ከብት የተወውን የጭድ ትራፊና አገዳውን ከዝናብ ጠብቆ ያስቀመጠ ሰው፣ በክረምት ለአረሙ ባልንጀራ ያገኝለታል። ያላስቀመጠ ግን እርጥቡን ብቻውን ከምሮ ሲሸተው ብስባሽን ከንቱ ነው ይላል።

በ2011 በፈረንጆች አቈጣጠር በጣና ላይ የታየው እምቦጭም እንዲሁ ነው። ከ10 እጅ 9ኙ ውሃ ነውና፣ ጠውልጎ ከደረቅ ነገር ጋራ ካልተቀላቀለ የሚሸት ጭቃ ይኾናል። ዘሩም ለብዙ ዓመት ስለማይሞት ያበበው ወደ ጓሮ አይግባ።

የብስባሽ ድካም ዋጋ እንዳለው በትግራይ ታይቷል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከ1996 በፈረንጆች አቈጣጠር ዠምረው ከገበሬዎች ጋራ በሠሩት ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘ ማሳ ካላገኘው ይልቅ ብዙ እህል ሰጠ።

ሰው ምንም ድኻ ቢኾን አረምና ጥራጊ አያጣም፤ የሚጐድለው አንዱን ለሌላው አስቀድሞ የማሰናዳት ትጋት ነው።