ከአዲስ አበባ እስከ ባኮ በሚወስደው መንገድ መንገደኛን ስለሚይዙ በሽታዎች

ስለ መንገደኛ ጤና በውጭ አገር የሚታተሙት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ስለ አውሮፕላንና ለሽርሽር ስለሚጓዙ ትልልቅ መርከቦች ነው። በነዚህ የሚሳፈር ሰው በአገራችንም አለ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከአዲስ አበባና ከአምቦ መናኸሪያ በየቀኑ ከሚሳፈረው ሕዝብ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሆለታ፤ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ ደርሶ፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ የሚወርደውን መንገድ ነው። የአውሮፕላኑና የመርከቡ ነገር የሚነሣው ለማነጻጸር ያህል ነው።

ጽሑፉን ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ አንድ ተራ ጉዞ ነው። በክረምት ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያለማቋረጥ ያስሉ ነበር። መስኮቱን አራት ጣት ያህል ብከፍተው፤ ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፤ እባክህ ዝጋልኝ፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ» አሉኝ። ሌሎችም በአማርኛም በኦሮምኛም አገዟቸው። እኔም ስለ ሳንባ ነቀርሳ በትምህርት ቤት የተማርሁትን ሁሉ ይዤ መስኮቱን ዘጋሁት። ሽማግሌው ምን እንደ ነበረባቸው አላወቅሁም፤ ምናልባት ተራ ጉንፋን ይሆናል። የሚያሳስበው ግን በዚያ መኪና ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩና፤ ነገሩ የሳንባ ነቀርሳ ቢሆን ኖሮም ሁላችንም ያንኑ እናደርግ የነበረ መሆኑ ነው።

ብርድና ነፋስ በሽታ ያመጣሉ የሚለው እምነት ከመሠረቱ የሞኝነት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። አገሩ ደጋ ነው፤ ማለዳ ከአምቦ የሚነሣ መንገደኛ በእርግጥ ይበርደዋል። ምች የሚባለውንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ዳማከሴ መሆኑን የማይናገር ቤት የለም። ነገር ግን ሮበርት ኮኽ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. እንዳስረዳው፤ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ብርድ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። በሽተኛው ሲያስል፤ ሲናገር ወይም ሲዘፍን ከአፉ የሚወጣው ጠብታ ይደርቅና እጅግ ረቂቅ ሆኖ በአየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። አየሩ ካልተለወጠ በዚያው ስፍራ ያለው ሰው ሁሉ መልሶ መላልሶ ይተነፍሰዋል። እንግዲህ ነፋስ የምንለው፤ በዚህ ረገድ ጠላታችን ሳይሆን ጠራጊያችን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ የበዛባቸው ብሎ ከመዘገባቸው ሠላሳ አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፤ ይህ ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አውሮፕላኑ የሚያስተምረን ነገር አለ። ብዙ ሰው በአውሮፕላን የሚሄድ ሁሉ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የሌላውን ትንፋሽ ሲምግ የሚያድር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በአንድ ሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል፤ ግማሽ ያህሉ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፤ የቀረው ረቂቁን ብናኝ ከመቶ 99.97 እጅ በሚያስቀር ማጣሪያ አልፎ ይመለሳል። ይህም ቢሆን ከጎን የተቀመጠው ሰው በፊታችን ላይ ቢያስል አያድነንም። የዓለም ጤና ድርጅት በበረራ ላይ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ሲገኝ እንዲፈለጉ የሚያዘው፤ ጉዞው 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ረድፍና ከፊትና ከኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ረድፎች የተቀመጡትን ነው። ከዚህ የምንረዳው አደጋው በቅርበትና በጊዜ ርዝመት የሚለካ መሆኑን ነው።

አየር ማናፈሻው ሲቆምስ ምን ይሆናል? በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በአላስካ 54 ሰዎች የተሳፈሩበት አንድ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ ለ3 ሰዓት ያህል መሬት ላይ ቆየ፤ ማናፈሻውም አይሠራም ነበር። ከመንገደኞቹ አንዲቱ በኢንፍሉዌንዛ የታመመች ነበረች። በ3 ቀን ውስጥ ከመንገደኞቹ ከመቶ 72 እጅ ታመሙ።

ይህን ታሪክ ያነበበ የአምቦ መንገደኛ ወዲያው የሚታየው መናኸሪያው ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ዝናብ ከሆነ በሩም ይዘጋል፤ ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ በየቀዳዳው ጥቂትም ቢሆን አየር ይገባል፤ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ምንም አይገባም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የጉዞው ክፉ ክፍል መንገዱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። የሚቻለው ሰው መኪናው እስኪሞላ ድረስ በውጭ ቆሞ ቢጠብቅ፤ ወይም ቢያንስ በዚያን ጊዜ መስኮቱንና በሩን ከፍቶ ቢቀመጥ ብዙ ይጠቀማል፤ የቆመ መኪና ውስጥ ነፋሱ ስለማይበረታ የሚቃወመውም ሰው ጥቂት ነው። በጉዞም ላይ አንዱን መስኮት በሰፊው ከመክፈት ይልቅ፤ ከፊት አንዱን ከኋላም በሌላው ጎን አንዱን ሁለት ሁለት ጣት መክፈት ይሻላል። አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የማንም ሰው ጆሮ ላይ አይነፋም። እናቲቱን ያን ዕለት ቦታ ቀይረው መሐል እንዲቀመጡ መለመን ይገባኝ ነበር፤ ነጠላቸውም ወፍራም አልነበረም።

ከመንገደኛው ይልቅ የሚታዘንለት ሾፌሩና ረዳቱ ነው። መንገደኛው ሁለት ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ይወርዳል፤ እነርሱ ግን ቀኑን ሙሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሳል፤ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት ረዳት አክታውን ቢያስመረምር ለራሱም ለተሳፋሪውም ነው።

በሽታ በመጓጓዣ መንገድ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ነው። በሚከተለው ዓመት፤ ማለት በእኛ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፤ ዓለምን ሁሉ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ከተማውን መታው፤ በባሕሩና በባቡሩ መንገድ እንደ ገባም ይነገራል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፤ የዚያ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው ይባላል። ጢሱ ኢንፍሉዌንዛን አይገድልም፤ ነገር ግን ልማዱ ሕዝቡ በሽታን ከአየር ጋራ ማያያዙን ያሳያል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ሲገኝም እንግዳው የመጣው በአውሮፕላን ነበር፤ በሚከተለውም ወር መኪኖች ከወንበራቸው እኩሌታ በላይ እንዳይጭኑ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ መስኮት የከፈተ ሰው አይቆጡትም ነበር። ልማዱ ከአዋጁ ጋራ አብሮ መነሣቱ ያሳዝናል።

በትንፋሽ ሳይሆን በልብስ የሚጓዝ በሽታ ደግሞ አለ። ይኸውም በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ከብዙው ዓለም ሲጠፋ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን ቀርቷል፤ የሚበረታውም ሰው ለብርድ ተጠጋግቶ በሚያድርበትና ልብስ በማይደርቅበት በክረምት ነው። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ያቃጥልና ይለቃል፤ ከሳምንት ያህል በኋላ ይመለሳል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በሊቢያና በባሕር አድርገው ኤውሮፓ በገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ላይ በኢጣልያ፤ በጀርመንና በሆላንድ ሲገኝ፤ ብዙዎቹ ወጣት ሐኪሞች ከመጽሐፍ በቀር አይተውት አያውቁም ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቅማሉ በመንከሱ ብቻ በሽታውን አያስተላልፍም፤ ተሐዋስያኑ ያሉት በሰውነቱ ውስጥ ስለ ሆነ፤ ሲጨፈለቅ ይወጡና በተቧጨረ ቆዳ ይገባሉ። ስለዚህ ቅማልን በሁለት ጥፍር መካከል የመጨፍለቅ ልማድ፤ በሽታውን በገዛ እጅ መቀበል ነው። በመንገድ አድሮ፤ በአልጋ ቤት ብርድ ልብስ ተኝቶ የመጣ ሰው ልብሱን በፈላ ውሃ ቢያጥብ፤ ስፌቱን በጋለ ካውያ ቢተኩስ፤ ይህም ባይሆንለት ልብሱን አስሮ ከሳምንት በላይ ሳይለብሰው ቢያቆይ ቅማሉ የሚበላው ደም አጥቶ ይሞታል። ከታመመ ግን መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ በቤቱ መዋጥ የለበትም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ስለሚከተል፤ በጤና ተቋም ተኝቶ መጠበቅ ይገባዋል።

ስለ ምግቡ ረዥም መናገር አያስፈልግም፤ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በመንገዱ ላይ ባሉት ሥጋ ቤቶች ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ኮሶ ቢይዘው ሊገርመው አይገባም። በሆለታ በኩል ያልፈላ ወተትና እርጎ መጠጣትም የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል። አሳላፊው ማስታጠቢያ ይዞ ሲመጣ ጣትን ጫፍ ጫፉን አርሶ መመለስ መታጠብ አይደለም፤ ሳሙና ያስፈልጋል። በኪስ የሚያዘው የአልኮል ቅባት በብዙ ተሐዋስያን ላይ ይረዳል፤ በሽርሽር መርከቦች ላይ መንገደኛን ሁሉ በትውከትና በተቅማጥ የሚጥለውን ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይገድለውም፤ እርሱን የሚያስወግደው በሳሙናና በውሃ ማሸት ነው።

የአምቦ ውሃን ነገር ሳላነሣ ባልፍ የአገሩ ሰው ይቀየመኛል። ከኤውሮፓ 1930 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ይህ ውሃ ለሆድ መልካም ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። ለመንገደኛ ያለው ዋና ጥቅሙ ግን በእኔ ግምት ከማዕድኑ ይልቅ በክዳኑ ነው፤ ማለት ጠርሙሱ እፊቱ ሲከፈትና ጋዙ ሲወጣ ሲሰማ፤ ማንም እንዳልነካው ያውቃል። ይህን ውሃ በገንዳ ውስጥ ተለቅልቆ በመጣ ብርጭቆ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው፤ የገዛውን ደኅንነት መልሶ አፈሰሰው ማለት ነው። ከጠርሙሱ አፍ መጠጣት ለጨዋ ሰው ነውር መስሎ ቢታይም፤ በመንገድ ላይ ይቅር የሚባል ነውር ነው።

የቀረው የወባ ነገር ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች ነዋሪው ስለ ወባ ብዙ አያስብም። መንገዱ ግን ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ ሲወርድ 1,650 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በዚያም ወባ አለ። ከፍታውም ሁልጊዜ መታመኛ አይሆንም፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ስፍራዎችን ሳይቀር ደርሶባቸው፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 እንደ ሞተ ተገምቷል። በቅርቡም፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ በሽተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከበሽተኞቹም ብዙዎቹ በኦሮሚያ ነበሩ።

መንገደኛውን የሚያታልለው ጊዜው ነው። በባኮ ወይም ከዚያ ባሻገር በወለጋ ቆላ ሁለት ሌሊት ያለ አጎበር ያደረ ተማሪ፤ ወደ አምቦ ሲመለስ ደኅና ነው። ትኩሳቱ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ፤ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ጉዞውን ረስቶታል፤ ራሱን ሲያመውና ሲያንቀጠቅጠው መኪና ላይ ብርድ መታኝ ይላል፤ ዳማከሴም ይጨመቅለታል። ፋልሲፓሩም የተባለው የወባ ዓይነት ግን መዘግየትን አይታገሥም፤ በጥቂት ቀን ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ቢሰማው በዚያው ቀን ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ መርማሪው ባይጠይቀውም እንኳ፤ ባኮ ሄጄ ነበር፤ ያደርሁትም በዚህ ቀን ነው ብሎ አስቀድሞ ይንገረው።