ስብን በቅዝቃዜ ማጥፋት ምን ያህል ያስተማምናል?

ያለ ቢላዋ ቦርጭን ያጠፋል የተባለ ሕክምና ማን ይጠላል? ነገር ግን ቢላዋ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

በረዶ የሚመጥጡ ሕፃናት የጉንጫቸው ስብ በቅዝቃዜው እንደሚጎዳ ሐኪሞች ቀደም ሲል አስተውለው ነበር። ከዚህ በመነሣት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ስብ ከቆዳ ይልቅ በቅዝቃዜ ቶሎ እንደሚጎዳ አሳዩ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 መሣሪያውን ለወገብ ጎን ስብ ፈቀደ። መሣሪያው ገላን መጥጦ ይይዝና ያቀዘቅዛል፤ የሞቱትን የስብ ሕዋሳት ሰውነት በሁለት በሦስት ወር ያስወግዳቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚከተለው መቅላት፣ ማበጥ፣ ሕመምና መደንዘዝ ሲሆን እያደር ይጠፋል። አልፎ አልፎ ግን ስቡ በመጥፋት ፈንታ ጠጥሮ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕክምና መጽሔት የተመዘገበው ይህ ጉዳት በራሱ አይጠፋም፤ መፍትሔውም ያው የተሸሸው ቀዶ ሕክምና ነው። ታዋቂዋ የፋሽን ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ ይህ እንደደረሰባት እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተናግራለች፤ ክሷም በ2022 በስምምነት አልቋል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ክብደት መቀነሻ አይደለም፤ ከቆዳ ሥር ያለውን እንጂ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸውን ስብ አይነካም። ቅዝቃዜ ደማቸውን የሚያውክ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ፈጽሞ ሊሞክሩት አይገባም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ የሚያክመው ሐኪም ነውን? መሣሪያው ፈቃድ አለውን? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክመኛል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቤት ገላን አምነው የሚሰጡት ቤት አይደለም።