የፍርድ ቤቱ በጀት ከተፈረደበት ሰው ኪስ

በዛሬው ዝግጅታችን የምንመለከተው ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤት ያለ ገንዘብ አይሠራም። ዳኛው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ጸሐፊው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ሕንፃውም መብራትና ጥገና ይፈልጋል። ታዲያ ይህን ወጪ መሸፈን ያለበት ማን ነው? በአሜሪካ በብዙ ቦታዎች ከፊሉን የሚከፍለው ጥፋተኛ የተባለው ተከሳሽ ራሱ ነው። ጉዳዩ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንንም ስለሚነካ አሠራሩንና የሚያስከትለውን ችግር በቅደም ተከተል እናያለን።

ሦስት ክፍያዎችን እንለይ

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የገንዘብ መቀጮ ነው፤ ይህ ስለ ጥፋቱ የሚጣል ቅጣት ነው። ሁለተኛው ካሳ ነው፤ ይህ ለተጎዳው ሰው ይከፈላል። ሦስተኛው የፍርድ ቤት ወጪ ይባላል። ይህኛው ቅጣትም ካሳም አይደለም። ፍርድ ቤቱ ሥራውን ለማካሄድ ያወጣውን ገንዘብ ከተፈረደበት ሰው መልሶ የሚሰበስብበት ክፍያ ነው።

በአገራችን የምናውቀው የዳኝነት ክፍያ ከዚህ የተለየ ነው። እርሱን የሚከፍለው በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ክስ የሚያቀርበው ወገን ነው፤ አቅም የሌለውም በደሃ ደንብ እንዲከስ ሕጉ ይፈቅድለታል። አሁን የምንናገረው ግን በራሱ ፈቃድ ሳይሆን ተከሶ ፍርድ ቤት ስለቀረበ ሰው ነው።

የሚሺጋን ግዛት ምሳሌ

በሚሺጋን የዳኞችን ደመወዝ በዋናነት የሚሸፍነው ግዛቱ ነው። የቀረውን የፍርድ ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸከሙት ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው። እነዚህ አስተዳደሮች ገንዘብ ሲያጥራቸው ግብር መጨመር ሕዝቡን ያስቆጣል። የተፈረደበት ሰው ግን ክፍያ ቢጨመርበት የሚከራከርለት ብዙም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአሌጋን ካውንቲ የተፈረደበት አንድ ሰው 1,000 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍል የተሰጠውን ትዕዛዝ መረመረ። በጊዜው የነበረው ሕግ ለፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጣቸውም ሲልም ወሰነ። የግዛቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ሥልጣኑን በግልጽ ሰጣቸው። በተሻሻለው ሕግ መሠረት የሠራተኞች ደመወዝና የሕንፃ ጥገና ሳይቀሩ በክፍያው ውስጥ ይታሰባሉ። በዚያ ሰው ጉዳይ ላይ ብቻ የወጣው ገንዘብ ተለይቶ መሰላትም አያስፈልገውም። ሕጉ የጊዜ ገደብ የተቀመጠለት ነበር፤ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ስላልተዘጋጀ ግን በየጊዜው ሲራዘም ቆይቶ በ2024 እንደገና ተራዝሟል።

ጥፋተኛ ቢከፍል ምን አለበት?

እዚህ ላይ «ሕግ አክባሪው ግብር ከፋይ ለምን ይሸከማል? ወጪውን ያመጣው ጥፋተኛው አይደለምን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ክፍያው የሚሰበሰበው ተከሳሹ ጥፋተኛ ሲባል ብቻ ነው። በነጻ ሲሰናበትም ዳኛው ተቀምጧል፣ ጸሐፊው ጽፏል፣ መብራቱም በርቷል፤ ፍርድ ቤቱ ግን አንዲት ሳንቲም አያገኝም። እንግዲህ ከሁለቱ ውሳኔዎች አንዱ ገንዘብ ያስገባል፣ ሌላው አያስገባም። ሚዛኑን የያዘው እጅ ከአንዱ ወገን ጥቅም እንዲያገኝ ተደርጓል ማለት ነው።

ይህ ስጋት አዲስ አይደለም። በኦሃዮ ግዛት ኖርዝ ኮሌጅ ሂል በምትባል መንደር ከንቲባው በዳኝነት ይቀመጥ ነበር። ከንቲባው አንድን ተከሳሽ በመጠጥ ክልከላ ሕግ ጥፋተኛ ብሎ 100 ዶላር ሲቀጣው፣ ከፍርድ ቤቱ ወጪ 12 ዶላር ለራሱ ይደርሰው ነበር። በነጻ ቢያሰናብተው ግን ምንም አያገኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ፍርዱን ሻረው። በ1972 ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። በዚያው በኦሃዮ የሞንሮቪል ከንቲባ ገንዘቡን ኪሱ ባያስገባም፣ የመንደሯ ገቢ ዋና ክፍል እርሱ በሚፈርደው መቀጮና ክፍያ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ገለልተኛ ዳኛ ሊሆን አይችልም ተባለ።

የሚሺጋን ዳኞች ደመወዝ ከክፍያው ጋር የተያያዘ አይደለም። ጥያቄው ግን «የፍርድ ቤቴ በጀት ጎደለ» የሚለው ጫና ዳኛው ላይ ምን ያህል ያርፋል የሚለው ነው። ይህ ክርክር ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ በ2023 ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሳይሽረው አልፏል። ምክር ቤቱ ለችግሩ መፍትሔ እንዲፈልግ ያሳሰቡ ዳኛ ግን ነበሩ።

ጫናው ሲበረታ

ነገሩ ልክ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የፈርጉሰን ከተማ አሳይታለች። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ 21,000 ያህል ነዋሪ ያላት ይህች ከተማ ለ2015 የበጀት ዓመት ካቀደችው 13.26 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 3.09 ሚሊዮኑን የምትጠብቀው ከመቀጮና ከክፍያ ነበር። በሪፖርቱ የተጠቀሰች አንዲት ሴት በ2007 መኪናዋን አላግባብ በማቆሟ 151 ዶላርና ተጨማሪ ክፍያ ተጣለባት። ቀጠሮ በማለፏና ባለመክፈሏ ሁለት ጊዜ ተያዘች፣ ስድስት ቀን ታሰረች፣ 550 ዶላርም ከፈለች። ይህ ሁሉ ሆኖ በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ገና 541 ዶላር ዕዳ ነበረባት! በ2015 ሚዙሪ ከተሞች ከትራፊክ መቀጮ ሊያገኙት የሚችሉትን የገቢ ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጋለች።

በእኛ ሊቃውንት ዘንድም የዳኛ ገቢ ብዙ የተመከረበት ጉዳይ ነው። መሠረቱ ቃዲ መተዳደሪያውን ከበይተል ማል፣ ማለትም ከሕዝብ ግምጃ ቤት ማግኘቱ ነው። ከባለጉዳዮች እጅ መቀበሉን ብዙዎቹ የከለከሉት ወይም የጠሉት ልቡ ወደ አንዱ ወገን እንዳያዘነብል በመስጋት ነው። ፍትሕ ለሁሉም የሚጠቅም ስለሆነ ወጪውንም ሁሉም ይጋራዋል።

ሊታወቅ የሚገባው መብት

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር እናሳስብ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ከጆርጂያ ግዛት በቀረበለት ጉዳይ፣ መቀጮና ካሳ መክፈል ያቃተውን በገደብ የተለቀቀ ሰው፣ አቅም አጥቶ ይሁን ወይስ እያለው እምቢ ብሎ ሳይመረመር ወደ እስር መመለስ እንደማይቻል ወስኗል። በመሆኑም የመጣላችሁን ወረቀት «ገንዘብ የለኝም» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። በቀጠሮው ቀን ቅረቡ፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አቅማችሁን በማስረጃ አስረዱ፤ በየወሩ እየከፈሉ መጨረስ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ከመቀጮው ይልቅ ቀጠሮ ማለፍ የሚያስከትለው የመያዣ ትዕዛዝ ብዙ ሰው ጎድቷል።

አባቶች «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላሉ። ሰው ሲበደል የሚሮጠው ወደ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሄደው በተፈረደባቸው ሰዎች ገንዘብ ከሆነ፣ በእውነት የተፈረደበት ሰው እንኳ «ገንዘቤን ፈልገው ነው» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ለፍርድ ቤት ከሕዝብ ግምጃ ቤት የሚመደብ በቂ በጀት የዳኛውን ሚዛን ከእንዲህ ያለው ጥርጣሬ ይጠብቃል። ወላሁ አዕለም።