ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?



ቻት ጂ ፒ ቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ብዙዎቻችን አሳይመንት ሲሰጠን ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሄዳችን በፊት ስልካችንን ማውጣት ጀምረናል። «ማሽኑ ሁሉን ከመለሰ ላይብረሪያኑ ታዲያ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄም በየዶርሙ ይነሣል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኛ ዛሬ ያነበብነውን ነገ ክፍል ገብተን እናስተምራለን። ስሕተት ይዘን ከወጣን እኛው ዘንድ አይቀርም፤ በየዓመቱ ፊታችን ለሚቀመጡት ሕፃናት ሁሉ ይተላለፋል።

በመጀመሪያ የሪፈረንስ አገልግሎት ምን እንደሆነ እንመልከት። ሪፈረንስ ሲባል መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፔዲያ የተደረደረበት ጥግ ብቻ የሚመስለን አለን። ዋናው ነገር ግን ጠያቂውን ከሚፈልገው ዕውቀት ጋር ማገናኘት ነው። በአሜሪካ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ግሪን በ1876 እ.ኤ.አ. ለሙያ ጓደኞቹ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ይኸውም መጽሐፍ አውጥቶ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃና ባለሙያው አንባቢውን ቀርቦ መርዳት እንዳለበት ነው።

የዚህ ሥራ ብልኃቱ መልሶ መጠየቅ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ዕጩ መምህር መጥቶ «የሕፃናት ሳይኮሎጂ መጽሐፍ ይስጡኝ» አለ እንበል። ጎበዝ ባለሙያ ወዲያው ወደ መደርደሪያው አይሮጡም። «ለየትኛው ክፍል ነው የፈለግኸው? ለጽሑፍ ነው ወይስ ለተግባር ልምምድ?» ብለው ይጠይቁታል። ሲወራ ሲወራ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ልጁን የቸገረው ልምምድ በወጣበት አንደኛ ክፍል «ለ»ን ከ«ሰ» እያምታቱ ማንበብ ያቃታቸው ሕፃናት ጉዳይ ነው። በዲዊ አመዳደብ የሕፃናት ሳይኮሎጂ 155.4 ላይ ሲሆን የንባብ ማስተማሪያ ግን 372.4 ላይ ነው። ባይጠየቅ ኖሮ የማይሆነውን መጽሐፍ ታቅፎ ይሄድ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለት ይኼ ነው።

ለመሆኑ ማሽኑ መልስ የሚሰጠው እንዴት ነው? በኤ አይ አጠራር የምናውቀው ይህ መሣሪያ አስቀድሞ እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲማር ይደረጋል። ከዚያም ካንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ዓረፍተ ነገሩን ይሠራል። ስለሆነም «አምስት መጻሕፍት ጥቀስልኝ» ሲባል ርእሱን፣ የደራሲውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር አሳምሮ ይደረድራል። መጽሐፉ ግን ከነጭራሹ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ባዶውን ቦታ እውነት በሚመስል ነገር ስለሚሞላው ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች መልስ ከመስጠታቸው በፊት በኢንተርኔት ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ውስጥ ይፈልጋሉ። ይህ ስሕተቱን ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያጠፋውም።

ነገሩ የወሬ ወሬ እንዳይመስል ሁለት ማስረጃ እንጥቀስ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ለክረምት ንባብ የሚሆኑ 15 መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ወጣ። ዝርዝሩ የተዘጋጀው በኤ አይ ነበርና 10ሩ መጻሕፍት በዓለም ላይ የሉም። ደራሲዎቹ ግን እውነተኛና ዝነኛ ሰዎች ናቸው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ከዚያ ቀደም ሲል በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ማሽኑ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች እንደ እውነት የጠቀሱ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

እንዲህ ስንል ግን መሣሪያው ይጣል ማለታችን አይደለም። ከባድ ሐሳብ በቀላል ቋንቋ ያብራራል። በካታሎግ ውስጥ የምንፈልግባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ይጠቁማል። ቤተ መጻሕፍት ሲዘጋ የመክፈቻ ሰዓትንና የውሰት ደንብን ለሚጠይቅ ሰው፣ ደንቡ በትክክል ከተሰጠው፣ በሌሊትም ይመልሳል። በአማርኛ ሲሆን ግን ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነውና።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያሉትን አራት ነጥቦች ልብ እንበል፦

ሀ) ማሽኑን «መልስ ስጠኝ» ከማለታችን በፊት «መጀመሪያ አንተ ጠይቀኝ» እንበለው። ያን ጊዜ ፍላጎታችን ለራሳችንም ግልጽ ይሆናል።

ለ) የጠቀሰልንን መጽሐፍ ሁሉ በካታሎግ እንፈልገው። ከተገኘም ገጹን ገልጠን ሳናይ በጽሑፋችን ላይ አንጥቀሰው።

ሐ) የተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና የቤት ገመና ለማሽኑ አንስጥ። ጥሩ ላይብረሪያን ማን ምን እንደተዋሰ ለሌላ አያወራም፤ ማሽኑ ግን የነገርነውን የት እንደሚያደርሰው አናይም።

መ) በካታሎግ ያጣነውን መጽሐፍ «የለም» ብለን ከመተዋችን በፊት ባለሙያውን እንጠይቅ። የርእሱ አጻጻፍ ተለውጦ ይሆናል፤ ወይም እንዲያውም መጽሐፉ ኖሮ አያውቅ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የባለሙያው ሥራ ነው።

ወደፊት ብዙዎቻችን የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች አንድ የመጻሕፍት ቁምሣጥን ብቻ ያላቸው ይሆናሉ። እዚያ መምህሩም፣ ላይብረሪያኑም እኛው ነን። አንድ ልጅ «መምህር፣ ይኼን ከየት አመጡት?» ብሎ ሲጠይቀን ገጹን ገልጠን ማሳየት መቻል አለብን። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።