ተረትና እውነታ፦ ፊደል የሚውጠው ስትሮክ

የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ነበር። መክፈቻው ላይ የሙሽሮቹ ስም በትልቁ ይወጣል፦ ነጭ ፊደል፣ ዙሪያው ጥቁር፣ ከጥቁሩ ውጪ ደግሞ ወርቃማ። የሙሽራዋ እህት አየችውና «ስሟ በጸሎቱ ጸ ሳይሆን በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው» አለችኝ። አርሜ ላክሁላት። በማግሥቱ ደወለች። «ወንድሜ፣ ከፊደሉ ጀርባ ሌላ ፊደል ቆሟል።» እውነቷን ነበር። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አባዝቼ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ነበር የሠራሁት፤ ያረምሁት ግን የላይኛውን ብቻ ነው። የቀድሞው ጸ ወርቅ ለብሶ ከኋላ ያጮልቃል።

ስለ ስትሮክ፣ ማለትም በፊደል ዙሪያ ስለሚሰመረው መስመር፣ እኛ ኤዲተሮች እርስ በርስ የምንቀባበለው ብዙ ነገር አለ። ከፊሉ ልክ አይደለም። እኔም ለዓመታት ሳስተምረው የኖርኩት አለበት።

«ድርብ ስትሮክ ዩቲዩብ ያመጣው ጌጥ ነው»

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመፈጠሩ በፊት የጃፓን ቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅቶች የተናጋሪውን ቃል በወፍራም ባለቀለም ፊደልና በተደራረበ ዙሪያ መስመር ስክሪኑ ላይ ይጽፉ ነበር። ዛሬም ይጽፋሉ። «ቴሎፕ» ይሉታል። ስሙ እንኳ የራሳቸው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተሠራ፣ ካርድና ስላይድ የሚያሳይ መሣሪያ መጠሪያ ነበር። መሣሪያው ተረሳ፣ ስሙ ጃፓን ቀረ።

የተደራረበበትም ምክንያት አለው። ካሜራ ሲንቀሳቀስ ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ነገር ይለዋወጣል፦ አሁን ነጭ ግድግዳ፣ ወዲያው ጥቁር ኮት። ቀይ ፊደል ጥቁሩ ኮት ላይ ይሰጥማል። ነጭ ስትሮክ ሲደረግለት ከኮቱ ይለያል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ደግሞ ነጩ ስትሮክ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀልና የፊደሉ ቅርጽ ልል ይሆናል፤ ያኔ ከነጩ ውጪ ያለው ጥቁር መስመር ይይዘዋል። ከሁለቱ አንዱ ምንጊዜም ይተርፋል ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቼ ብዙዎች የማይወዱትን ነገር ልናገር፦ ፊደሉ ነጭ ከሆነና ጥቁር ስትሮክ ካለው፣ ሁለተኛ ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። በነጭም በጥቁርም ላይ ይነበባል። ያ የሠርጉ ወርቃማ መስመር ለዓይን እንጂ ለንባብ የጨመረው ነገር አልነበረም።

«አፍተር ኢፌክትስ ከሌለህ አትሠራውም»

ይሄ አጭር ነው። ፕሪሚየር ፕሮ ውስጥ ከስትሮክ አጠገብ ያለችውን የመደመር ምልክት ስትነኩ ሁለተኛ ስትሮክ ይመጣል፤ ሦስተኛም ይመጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂም ያደርገዋል፤ ሰው የሚሳሳተው ተራውን «ቴክስት» አውጥቶ ስለሚፈልግ ነው። «ቴክስት ፕላስ» የሚለውን ውሰዱና «ሼዲንግ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። እዚያ 8 ንብርብሮች አሉ። 1ኛው የፊደሉ ቀለም ነው፤ 2ኛው ቀይ ዙሪያ መስመር ሆኖ ተሰናድቶ፣ ግን ጠፍቶ ይጠብቃችኋል። አብሩት፣ ቀለሙን ቀይሩት፣ በቃ።

አንድ ስትሮክ ብቻ በሚሰጥ የስልክ አፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ መንገዱ ጽሑፉን ማባዛት ነው። ብቻ ከማባዛታችሁ በፊት ስሙን ለባለቤቱ አሳዩ። የእኔ ጥፋት የመጣው ከዚያ ነው።

«ሁለተኛውን ጨመርኩ፣ አልታየም፤ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል»

ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ትሪ ስትደረድሩ አስቡት። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ ከሆነ የሁሉም ጠርዝ ይታያል። እኩል ከሆኑ ወይም ትልቁ ከላይ ከመጣ ግን የታችኛው የለም። ጽሑፍ አባዝታችሁ ስትደራርቡም የታችኛው ስትሮክ ከላይኛው መስፋት አለበት። ጥቁሩ 10 ፒክስል፣ ከእሱ ውጪ ነጩ 8 ፒክስል እንዲታይ ከፈለጋችሁ ለነጩ የምትጽፉት ቁጥር 8 አይደለም፤ 18 ነው። ነጩም የሚነሳው ከፊደሉ ጠርዝ ነውና 10ሩ ከጥቁሩ ሥር ይቀራል።

ሌላ ወጥመድም አለ። ስትሮክ የሚሰመርበት ቦታ ሦስት ነው፦ ከጠርዙ ውጪ፣ ከጠርዙ ውስጥ፣ ወይም ጠርዙን መሐል አድርጎ። መሐል ላይ የሚሰመር ከሆነ ግማሹ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ወደ ውጪ የሚታየው የቁጥሩ እኩሌታ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ምሳሌ ጥቁሩ 20፣ ነጩ 36 ይሆናል። ያላችሁ ሶፍትዌር ሁለተኛውን ስትሮክ ከፊደሉ ይለካ ወይስ ከመጀመሪያው ስትሮክ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻም። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቁጥር ስጧቸው። ሁለተኛው ከጠፋ ከፊደሉ ነው የሚለካው፤ ከታየ እየደመረ ነው።

«ስትሮኩ በወፈረ ቁጥር ጽሑፉ ይጎላል»

እኔም ይህን ብያለሁ፤ ሰው አስተምሬበታለሁም።

«ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ቤ ከቢ የምትለየው እግሯ ሥር ባለች ቀለበት ብቻ ነው፤ የቢ እግር ላይ ያለው ሰረዝ ነው። የሴና የሲ፣ የኬና የኪ ነገርም ያው ነው። አሁን የዚያች ቀለበት መስመር ውፍረት 10 ፒክስል ነው እንበል። ጠርዙን መሐል አድርጎ የሚሰመር 20 ፒክስል ጥቁር ስትሮክ በፊደሉ ላይ ስታውሉ፣ ከአንዱ ጎን 10፣ ከሌላው ጎን 10 ፒክስል ወደ ውስጥ ይገባል። የ10 ፒክስል መስመር ከሁለት በኩል ሲበላ ምንም አይተርፈውም። ቀለበቷ ሄደች። ቤት ቢት ሆነ፣ ወይም የማይታወቅ ነገር ሆነ። የላቲን ፊደል ብዙ ነገሩ ትልቅ ስለሆነ ይሄን ይችለዋል፤ የእኛ ግን አናባቢው በትንሿ ምልክት ላይ ነው ያለው።

መፍትሔው ስትሮኩን ከፊደሉ ሥር ማድረግ ነው። ከላይ ምንም ስትሮክ የሌለው ንጹሕ ፊደል፣ ሁሉም መስመር ከእሱ በታች። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ «ኦል ፊልስ ኦቨር ኦል ስትሮክስ» የሚለው ምርጫ ይህንኑ ያደርጋል፤ የአንዱ ፊደል ስትሮክ የጎረቤቱን ፊደል እንዳይሸፍንም ይከለክላል።

እዚህ ላይ «ውጪ የሚለውን ከመረጥኩ የፊደሉ ቀዳዳ አይነካም» የሚል አለ። ይነካል። ለሶፍትዌሩ ውጪ ማለት ቀለም የሌለበት ቦታ ሁሉ ነው፤ የመ ሁለት ክበቦች፣ የወና የዐ ሆድ፣ የቤ ቀለበት ቀዳዳም ውጪ ናቸው። 14 ፒክስል ስፋት ያለውን ቀዳዳ የ8 ፒክስል ስትሮክ ከሁለት በኩል ገብቶ ይደፍነዋል። ጉዳቱ ግን በቀለሙ ይወሰናል። ፊደሉ ነጭ፣ የመጀመሪያው ስትሮክ ጥቁር ከሆነ ቀዳዳው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቷ ቀለበት ናት። ፊደሉ ነጭ፣ የመጀመሪያው ስትሮክ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ግን ቀለበቷ ከሩቅ ጠብታ ትመስላለች። ስለዚህ ከፊደሉ ጋር የሚነካካው ስትሮክ ለፊደሉ ተቃራኒ ይሁን። ማጌጥ ከፈለጋችሁ በውጪኛው አጊጡ።

«አማርኛ ፎንት ስትሮክ አይወድም»

ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን አይቷል። አንደኛው፣ ከፊደሉ ማዕዘን እንደ እሾህ የሚወጣ ሹል ነው። ፎንቱን አትስደቡ፤ መስመሮች ሲገናኙ ማዕዘኑ እንዴት ይሁን ለሚለው ሶፍትዌሩ ሹሉን ስለመረጠ ነው። ወደ ክብ ቀይሩት። ሁለተኛው፣ ፊደሉ ውስጥ የሚያቋርጡ መስመሮች ናቸው። ውፍረታቸው እንደ ልብ የሚስተካከል ቫሪያብል የሚባሉት ፎንቶች ውስጥ አንዱ ፊደል ከተደራራቢ ቁርጥራጮች ሊሳል ይችላል። ሙሉ ቀለም ሲቀባ አይታወቅም፤ ጠርዙ ሲሰመር ግን መጋጠሚያው ሁሉ ይወጣል። ንጹሕ ፊደል ከላይ ማድረግ ይህንንም ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ስትሮክን ፊደል ለማወፈር አትጠቀሙበት። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ቦልድ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ በግድ ያሳብጠዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር 9 ውፍረት አለው፤ ወፍራሙን የሣለው ሰው ቀለበቶቹን እንዳይደፈኑ አድርጎ ነው የሣላቸው።

«ቀዩ ስትሮክ የደበዘዘው ኤክስፖርት ሳደርግ ጥራት ስለቀነስኩ ነው»

ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁም ይደበዝዛል። ዩቲዩብና አብዛኛው የቪዲዮ ፋይል ብርሃንንና ቀለምን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። በ1920 በ1080 ቪዲዮ ውስጥ ብርሃኑ በሙሉ መጠኑ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ግን በ960 በ540፣ ማለትም በሩብ ነጥብ ብቻ። ባለ2 ፒክስል ቀይ መስመር በሰማያዊ ላይ ስታሰምሩ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ጥቁርና ነጭ የሚለያዩት በብርሃን ስለሆነ ስለት ሆነው ይወጣሉ። ቀለም ያለው ስትሮክ ከፈለጋችሁ ወፍራም አድርጉት፤ ቀጭኑን ለጥቁርና ለነጭ ተዉላቸው።

ቪዲዮውን ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ክፈቱትና እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ቤ ከቢ ካልተለየ ስትሮኩን ቀንሱ።